የጫካዋን ንግሥት የሣላት ማን ነው?

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓትን የሚያህል ነገር ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ልጆች ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ ይበልጥ ደስ አላችሁኝ፣ የማወራው ስለ ኮሚክ ነውና። ስለ ድሮዎቹ የአሜሪካ የጫካ ኮሚኮች። እንዳንደናገር ከወዲሁ ልበል፣ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አባቴ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ነበር የሚሠራው። ማታ ሲመጣ እጁ ቀለም ቀለም ይሸታል። ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ አንዲት ትንሽ ማጉያ መነፅር አለች። ጋዜጣ ይሁን፣ የብስኩት ካርቶን ይሁን፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካላንደር ይሁን፣ የታተመ ነገር ካየ ያቺን መነፅር አውጥቶ ካላስጠጋባት አያልፍም። እኔንም ይጠራኛል። «ቀለም እንዳይመስልህ፣ ነጥብ ነው» ይለኛል። እውነቱን ነበር። ቀይ ነጥብ፣ ቢጫ ነጥብ፣ ሰማያዊ ነጥብ። ከሩቅ ሲያዩት ብርቱካን ይሆናል፣ ፊት ይሆናል፣ ሰማይ ይሆናል። ያቺ መነፅር ዛሬ እኔ ጋ ናት። ይዣት መጥቻለሁ፣ መጨረሻ ላይ እናያታለን።

የዛሬ ጥቂት ዓመት እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ ስዞር ሽፋኑ የተገነጠለ ኮሚክ አገኘሁ። «ጃምቦ ኮሚክስ» ይባላል። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ጠርዙ እንደ ድርቆሽ ይሰባበራል። የመጀመሪያው ታሪክ የሺና ነው። ሺና የጫካዋ ንግሥት ትባላለች። የነብር ቆዳ የለበሰች፣ ፀጉሯ ወርቅ የሆነ፣ ጦር የያዘች ፈረንጅ ናት። ሥዕሉን ሳየው ቆም አልኩ። ቅርንጫፉ፣ የክንዷ አያያዝ፣ ከኋላ ያለው ጥላ፣ የሆነ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እጅ ነው። ማን ይሆን ብዬ ከርዕሱ ሥር አየሁ። «ደብልዩ ሞርጋን ቶማስ» ይላል።

ቤት ገብቼ ሰውየውን ፈለግኩት። እንዲህ የሚባል ሰው ኖሮ አያውቅም። የድርጅት ስም ነው። ማንም ይሣለው ማን፣ ማንም ይጻፈው ማን፣ ሺና ላይ የሚለጠፈው ያው ስም ነው። እኔን ኮሚክ ውስጥ የከተተኝ ይሄ ነው። ጀብዱው ወይም ዝላዩ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንብቤ አስቀምጠው ነበር። የማልተወው ጥያቄ የሆነብኝ ግን ይሄንን ክንድ የሣለው ማን ነው የሚለው ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ዊል አይስነር እና ጄሪ አይገር የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ1930ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የሥዕል ቤት ከፈቱ። አሳታሚዎች ኮሚክ ይፈልጋሉ፣ ሠዓሊ ግን የላቸውም። እነዚህ አዘጋጅተው ይሸጡላቸዋል። ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛ በጠረጴዛ ነው። አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ በእርሳስ ይነድፋል፣ አንዱ በቀለም መስመሩን ያወጣል፣ አንዱ ዛፉንና ድንጋዩን ብቻ ይሞላል፣ አንዱ ፊደሉን ይጽፋል። ገጹ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ሺና ከዚህ ቤት ነው የወጣችው። መጀመሪያ የሣላት ሞርት መስኪን ነው ይባላል፣ በኋላ ሮበርት ዌብ ለብዙ ዓመታት ይዟታል፣ ሌሎችም ገብተውበታል። ጃምቦ ኮሚክስ አሜሪካ ውስጥ ከ1938 ጀምሮ እስከ 1953 ድረስ 167 ቁጥር ወጣ፣ ሺና በሁሉም ላይ አለች። በ1942 በራሷ ስም መጽሔት ተከፈተላት፤ ከታወቀችው የኮሚክ ጀግና ከወንደር ዉማን መጽሔት ቀድማ ማለት ነው። አሳታሚው ፊክሽን ሃውስ ይባላል። ይኸው ድርጅት «ጃንግል ኮሚክስ» የሚል ሌላ መጽሔት ነበረው፣ እሱም 163 ቁጥር ደርሷል። ይሄ ሁሉ ገጽ ተሥሎ፣ አብዛኛው ሠዓሊ ስሙ አልተጻፈም።

ለእኛ ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ገዳም ገብታችሁ ግድግዳውን ስታዩ የሠዓሊውን ስም ታገኛላችሁ? እምብዛም። ግን ጣና ላይ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የተሣለ አንድ የእመቤታችን ሥዕል አለ፤ ፍሬ ጽዮን የሚባል ሠዓሊ ስሙን ጽፎበታል። በዚያች አንዲት ፊርማ ተነስተው ነው አጥኚዎች ሌሎች ሥዕሎችን «ይሄም የእሱ እጅ ነው፣ ያም የእሱ ወይም የደቀ መዝሙሮቹ ነው» የሚሉት። የዓይኑን አሣሣል ያያሉ። ጣቱን ያያሉ። የልብሱን እጥፋት ያያሉ። የኮሚክ ወዳጆችም ያደረጉት ቁርጥ ይሄንን ነው። የተፈረመች አንዲት ገጽ ያገኛሉ፣ ከዚያ ጆሮ ከጆሮ፣ ጉልበት ከጉልበት እያስተያዩ ያልተፈረመውን ለባለቤቱ ይመልሳሉ። አስርት ዓመታት የፈጀ ሥራ ነው፣ ደመወዝ የሌለው፣ እኔ ትልቅ ክብር አለኝ።

ደግሞ ተከታታይ ሥዕልን የምናውቀው ከኮሚክ በፊት ነው። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ሣጥን የተሣለውን ሸራ ያላየ ኢትዮጵያዊ ቤት ያለ አይመስለኝም።

እሺ፣ ወደ ጫካው እንግባ።

የጫካ ሥዕል አባት ሃል ፎስተር ነው። ካናዳዊ ነው። ሥዕል ለመማር ከዊኒፔግ እስከ ቺካጎ በብስክሌት የሄደ ሰው ነው፣ ወደ 1,000 ማይል መንገድ። ታርዛንን በጋዜጣ ላይ በጥር 1929 ጀመረው። የእሱን ገጽ ስታዩ የንግግር ፊኛ፣ ያ የተናጋሪው ቃል የሚጻፍበት ክብ፣ የለውም፤ ጽሑፉ ለብቻው ነው፣ ሥዕሉ ንጹሕ ነው። በ1937 ወደ ራሱ ሥራ ሲሄድ በርን ሆጋርዝ ተረከበው። ሆጋርዝ ዛፍን እንደ ሰው ነው የሚሥለው። ሥሩ ጡንቻ አለው፣ ግንዱ ይጠማዘዛል፣ ታርዛን ሲዘል ቅርንጫፉም አብሮት የሚዘል ይመስላል። በኋላ ኒውዮርክ ውስጥ የሥዕል ትምህርት ቤት ከመሠረቱት አንዱ ሆነ፣ የሰው አካል አሣሣል መጽሐፎቹ ዛሬም ተማሪ እጅ ላይ አሉ። ስለ እነዚህ ሁለቱ ብዙ ተጽፏል፣ ስማቸውም ገጹ ላይ ስለነበር አልጠፉም፣ ስለዚህ አልቆይባቸውም።

አንድ ነገር ግን መባል አለበት። ያ ጫካ የለም። የትም የለም። ታርዛንን የፈጠረው ደራሲ አፍሪካን ረግጦ አያውቅም። ታሪኩ በ1912 መጀመሪያ በመጽሔት ሲወጣ ታይገር ነበረበት፣ ያ ባለ መስመሩ የእስያ አውሬ። አፍሪካ ውስጥ ታይገር የለም ተብሎ በመጽሐፍ ሲታተም አንበሳ ተደረገ። ኮሚኮቹ ግን እንዲህ ያለውን እርማት እንኳን አልፈለጉም። ሁሉም ነገር በአንድ ጫካ ታጭቋል። ከፋን ወይም ሐረናን ያየ ሰው ጫካ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ቡና የሚለቀምበት፣ ቀፎ የሚሰቀልበት፣ መንገዱ በስም የሚታወቅበት፣ የሰው ቤት ነው። ኮሚኩ ውስጥ ያለው ጫካ ግን ባለቤት የለውም። ንግሥቲቱ ፈረንጅ ናት፣ አገሬው ወይ ይሸሻል ወይ ይሰግዳል።

የእኛ ሠዓሊዎች ደግ ሰውን በሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን በጎኑ አዙረው በአንድ ዓይን ይሥላሉ፣ ታውቁታላችሁ። እነዚህን ኮሚኮች በዚያ ዓይን አንብቧቸው። ጥቁሩ ሰው ብዙውን ጊዜ ከኋላ ነው፣ በጎን ነው፣ በቡድን ነው፣ ፊቱ ከጎኑ ካለው ሰው ፊት ጋር አንድ ነው። ስም የለውም። እኔ ይሄንን ለልጆቼ ሳላሳይ ኮሚኩን ብቻ ሰጥቼ «ዘመኑ ነው» ብዬ ማለፍ አልችልም። ያማል። ያማል፣ ግን አልጣልኩትም፤ ያልጣልኩበት ምክንያት ማት ቤከር ነው።

ክላረንስ ማቲው ቤከር። በ1921 ኖርዝ ካሮላይና ተወለደ፣ ፒትስበርግ አደገ፣ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ልቡ ደካማ ስለነበር ለጦርነቱ አልተመለመለም። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ እዚሁ ዋሽንግተን መጥቶ ነበር፣ ከዚያ ኒውዮርክ ኩፐር ዩኒየን ሥዕል ተማረ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የአይገር ቢሮ ገባ። አይገር ኋላ ሲያስታውስ፣ አለባበሱ ያማረ መልከ መልካም ወጣት እንደነበር፣ የያዘውም ናሙና አንድ ብቻ፣ በቀለም የተሠራ የአንዲት ቆንጆ ሴት ሥዕል እንደነበር ተናግሯል። በዚያች አንድ ሥዕል ተቀጠረ። መጀመሪያ ከሠራቸው አንዱ ሺና ናት፣ በ1944። ከዚያ ካሚላ፣ ታይገር ገርል፣ ስካይ ገርል የሚባሉ የኮሚክ ጀግኖችን ሣለ።

ይሄንን ስላይድ እዩት። እግሯን ተመልከቱ። ሌሎች ሠዓሊዎች የጫካ ሴት ሲሥሉ ሁለቱም እግሯ እኩል መሬት ረግጦ እንደ ችካል ትቆማለች። ቤከር ግን ክብደቷን አንዱ እግር ላይ ይጥለዋል። ዳሌዋ ወደዚህ፣ ትከሻዋ ወደዚያ። ስለዚህ ቆማ እንኳን ልትሄድ ነው። እጇንም እዩ፣ አምስቱ ጣቶች አንድ ላይ አልተጠቀለሉም፣ እያንዳንዷ ጣት የራሷ ሥራ አላት። ብሩሹ ወፍራም ጀምሮ ጫፍ ላይ እንደ ፀጉር ይቀጥናል። ይሄ ሁሉ በአሥር ሳንቲም ለሚሸጥ፣ ተነብቦ ለሚጣል ወረቀት ነው። ልብሳቸው ትንሽ ነው፣ ልጆችና ወታደሮች እንዲገዙ ሆን ተብሎ ነው፣ እሱንም አልደብቅም። ግን የቤከር ሴቶች ፊት ላይ ሐሳብ አለ። የሆነ ነገር እያሰሉ ነው።

በ1945 «ክራውን ኮሚክስ» ቁጥር 3 ላይ ቤከር ቩዳ የሚባል የጫካ ጀግና ሣለ። ቩዳ ጥቁር ነው። የጫካው ጌታ፣ መሀል የቆመው፣ አዳኙ፣ ጥቁር ሰው። በአሜሪካ ኮሚክ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ጥቁር ጀግኖች አንዱ ነው፤ የመጀመሪያው ነው የሚሉም አሉ። እኔ ይሄን ገጽ መጀመሪያ ያየሁት ማታ ነበር፣ ሁሉም ተኝቷል። ያን ሁሉ ጫካ አቋርጬ፣ ያን ሁሉ ከኋላ የቆመ ፊት የሌለው ሰው አልፌ፣ አንዱ በሁለት ዓይኑ ሲያየኝ። ወንበሬን ስቤ ረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ።

ከዚያስ? ቩዳ በቀጣዮቹ ቁጥሮች ለሽፋን በቃ። ሽፋኑ ላይ ነጭ ሆነ።

ያኔ አባቴ ትዝ አለኝ። ሠዓሊው ገጹን የሚያስረክበው በጥቁር መስመር ብቻ ነው። ቀለሙ የሚገባው ሌላ ቦታ፣ በሌላ ሰው እጅ ነው። በዚያን ጊዜ ርካሽ ኅትመት የፈረንጅ ቆዳ ማለት ቢጫና ቀይ ነጥብ ነው። ቡናማ ቆዳ ማለት በዚያ ላይ ሰማያዊ ነጥብ መጨመር ነው። አንድን ሰው ነጭ ለማድረግ መስመሩን መንካት አያስፈልግም፣ ሰማያዊውን መንሳት ይበቃል።

በ1921 ሌላም ልጅ ተወለደች፣ ቪየና ውስጥ። ሊሊ ረኔ። አይሁዳዊት ናት፣ ናዚዎች ኦስትሪያን በ1938 ከያዙ በኋላ፣ በ1939 ልጆችን ወደ እንግሊዝ በሚያሻግረው ባቡር አመለጠች። እዚያ ሰው ቤት ሠራተኛ ሆነች። በኋላ ኒውዮርክ ከወላጆቿ ጋር ተገናኘች። እናቷ ጋዜጣ ላይ ፊክሽን ሃውስ ሠዓሊ ይፈልጋል የሚል ማስታወቂያ አይታ አሳየቻት፣ ወንዶቹ ጦር ሜዳ ስለነበሩ በሩ ትንሽ ተከፍቶ ነበር። ገባች። «ፋይት ኮሚክስ» ላይ ሴኞሪታ ሪዮን ሣለች፤ ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ናዚ የምታሳድድ ሰላይ ናት። ያው መጽሔት ውስጥ፣ ገጽ ስትገልጡ፣ የቤከር ታይገር ገርል አለች። እሷ ያመለጠቻቸውን ሰዎች በወረቀት ላይ ታሳድዳለች፣ እሱ ሌላ ዓይነት በር የተዘጋበት ሰው ነው፣ ሁለቱም እዚያች አሥር ሳንቲም መጽሔት ውስጥ ተገናኝተዋል። ስሟን «ኤል ረኔ» ብላ ትፈርም ስለነበር አንባቢዎች ወንድ ይመስላቸው ነበር። ትሪና ሮቢንስ የምትባል ራሷ ሠዓሊና የታሪክ ጸሐፊ ፈልጋ አገኘቻት፣ በ2007 ሳንዲያጎ ኮሚክ ኮን በሚባለው የኮሚክ ወዳጆች ጉባኤ ላይ እንግዳ ሆነች። በ2022፣ በ101 ዓመቷ አረፈች። በሕይወት እያለች «እኔ ነኝ የሣልኩት» ለማለት በቅታለች፣ ይሄ ሁሌ ደስ ይለኛል።

ቤከር ግን አልደረሰበትም። በ1959 በልብ ሕመም ሞተ፣ 37 ዓመቱ ነበር። በ2009 ነው በዊል አይስነር ስም የተሰየመው የኮሚክ ሠሪዎች የክብር መዝገብ ላይ ስሙ የገባው። 50 ዓመት ቆይቶ።

ስለ ስም ካነሳን ኦሪን ኢቫንስን መዝለል አይቻልም። የፊላደልፊያ ጋዜጠኛ ነበር፣ ጥቁር። የሚሠራበት ጋዜጣ ሲዘጋ በ1947 «ኦል ኒግሮ ኮሚክስ» የሚል መጽሔት አወጣ፤ ጸሐፊውም ሠዓሊውም ጀግናውም ጥቁር የሆነበት። ዋጋው 15 ሳንቲም ነው፣ ከሌላው አምስት ሳንቲም ይበልጣል። ውስጡ ላየን ማን የሚባል ጀግና አለ፣ የሣለው የኦሪን ወንድም ጆርጅ ኢቫንስ ነው። ላየን ማን አሜሪካ የተማረ ሳይንቲስት ነው፣ የተባበሩት መንግሥታት ልኮት ጎልድ ኮስት፣ የዛሬዋ ጋና ውስጥ፣ ዩራኒየም ያለበትን ተራራ ይጠብቃል። ልብ በሉ፣ ጎልድ ኮስት ያኔ ገና የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ናት። ጫካው ባለቤት አገኘ፣ ሀብቱም በስሙ ተጠራ፣ የሚዘርፈውም ታወቀ። ሁለተኛው ቁጥር ተዘጋጅቶ ነበር፣ ወረቀት የሚሸጥለት ግን ጠፋ። አንድ ቁጥር ብቻ ሆኖ ቀረ።

ጄሲ ማርሽንም በአጭሩ። ለዴል አሳታሚ፣ ኋላም ለጎልድ ኪ፣ የታርዛንን ኮሚክ ከ1940ዎቹ መጨረሻ እስከ 1965 ሣለ። ብዙ ሰው ሥዕሉ ደረቅ ነው ይላል፣ እኔ አልስማማም። ሰፋፊ ጥቁር ጥላ ያስቀምጣል፣ የሚሥላቸው አፍሪካውያን ፊት አላቸው፣ ሽማግሌው ሽማግሌ ይመስላል፣ ጎረምሳው ጎረምሳ። በ1951 እዚያው ታርዛን ውስጥ የጦር ወንድማማቾች የሚል ተከታታይ ተጀመረ፣ ናቶንጎ ጥቁር ነው፣ ዳን-ኤል ነጭ፣ ሁለቱም እኩል።

ከዚያ 1954 መጣ። ፍሬድሪክ ዌርታም የሚባል የአእምሮ ሐኪም ኮሚክ ልጆችን ያበላሻል የሚል መጽሐፍ ጻፈ፣ የአሜሪካ ሴኔትም ኒውዮርክ ላይ ለምርመራ ተቀመጠ። በዓመቱ መጨረሻ አሳታሚዎቹ ራሳቸው የቁጥጥር ደንብ አወጡ። ፊክሽን ሃውስም በዚያው ዓመት ከኮሚክ ወጣ። የኮሚክ ወዳጆች ዌርታምን እንደ ጠላት ነው የሚያዩት። እኔ ግን እንዲያ አልለውም። ይሄ ሰው ሃርለም ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ በ25 ሳንቲም ድሃ ጥቁሮችን የሚያክም ክሊኒክ የከፈተ ነው። የጫካ ኮሚክ ጥቁሩን ሰው እንደሚያዋርድ፣ ቆንጆና ደግ ሁሉ ነጭ እንደሆነ በግልጽ ጽፏል፣ ልክም ነው። ግን መጽሐፉ ውስጥ እንደ ማስረጃ ካሳተማቸው ሽፋኖች አንዱ በ1948 የወጣ፣ ፋንተም ሌዲ የምትባል ጀግና ኮሚክ ሽፋን ነው። የሣለው ማት ቤከር። ጥቁሩ ሠዓሊ በአንድ በኩል ስሙን ተነፈገ፣ በሌላ በኩል ሥራው ለክስ ቀረበ። ይሄንን ሳስብ ሁለቱንም ይዤ ነው የማስበው፣ አንዱን ጥሎ አንዱን መያዝ አይሆንልኝም።

ታዲያ ዛሬ እንዴት አገኘናቸው? አንዱ ምክንያት ሕግ ነው። በአሜሪካ ከ1964 በፊት የታተመ ሥራ መብቱ እንዲቀጥል በ28ኛው ዓመት መታደስ ነበረበት። ብዙዎቹ የጫካ ኮሚኮች አልታደሱም፣ ማን ያድሳቸዋል፣ ድርጅቱ ቆሟል፣ ወረቀቱም እንደ ቆሻሻ ነበር የሚታየው። ስለዚህ የሕዝብ ሆኑ። ሰዎች ከየሣጥናቸው አውጥተው ገጽ በገጽ ስካን አድርገው በነፃ ለቀቁት። ስልካችሁ ላይ ዛሬ ማታ ማንበብ ትችላላችሁ። ወረቀቱን ራሱን ማየት ለሚፈልግ ደግሞ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አለላችሁ፣ ካፒቶል አጠገብ፣ ማዲሰን ሕንፃ፣ የጋዜጣና መጽሔት ንባብ ክፍል። ከ140,000 በላይ ኮሚክ አላቸው። የአንባቢ ካርድ በነፃ ነው፣ መታወቂያ ይዛችሁ መሄድ ብቻ ነው። ትንንሾቹን ልጆች አይደለም፣ ካርዱ 16 ዓመት ለሞላው ነው፣ እናንተ ሂዱ።

ጥያቄ ከመጀመራችን በፊት፣ ያቺን ሽፋን የሌላትን ጃምቦ ከፊት ወንበር እያስጀመርኩ ላሳልፋት ነው። የአባቴን መነፅርም አብሬ። ምልክት ያደረግኩበት ገጽ ላይ ሺና ቅርንጫፍ ይዛ ቆማለች፣ ከኋላዋ ሁለት ሰዎች አሉ። መነፅሯን መጀመሪያ የእሷ ክንድ ላይ አስጠጉ፣ ቀጥሎ ከኋላ የቆመው ሰው ክንድ ላይ። ሰማያዊውን ነጥብ ታዩታላችሁ። ገጹን ከላይ ሳይሆን ከታች በኩል ያዙት፣ ጠርዙ ይሰበራል።